ቀለም የነካው ሁሉ ተሸጧል፦ የቅዳሜውን ጨዋታ በተመለከተ ለዩኒየናችን ሥራ አስኪያጅ

ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቱሉ ጋቲራ

ለክቡር ኦቦ ፊራኦል፣
የጋቲራ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉበት ከወንበርዎ፤

እኔ ከበበው ተድላ የተባልሁ የቱሉ ጋቲራ ነዋሪ፣ በመጪው ጥር ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን የምይዝ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ክር በመርፌ ቀዳዳ በራሴ አስገባለሁ፤ ቆሎ በጥርሴ እሰብራለሁ፤ ጊንጪ ገበያ በእግሬ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ላሜን ራሴ አልባለሁ፣ ወንድ ሆነህ እንዴት ታልባለህ ብሎ በፊቴ የሳቀብኝም የለም። ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ባገኘኋት ፊደል በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ልጄ አርሴማ በኮምፒዩተር ላስጽፍልህ ብላኝ እምቢ ብያታለሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ሐሳቡ ቀጥ ብሎ እንደሚደርስዎ እተማመናለሁ።

ለመሆኑ የእርስዎ ጤንነት እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያን ቅዳሜ በጥዶቼ መካከል በሆድዎ ሲሳቡ የተፋቀው ክርንዎ ሻረልዎ ወይ? እኔ ከላሜና ከቀሩት ጥዶቼ ጋራ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለ ቀሩት ጥዶቼ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍና በዕድራችን ስብሰባ የሚነበብ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቀው ሰው ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል፤ እርስዎ የሚያውቁትን ሲሰሙ ቢሰለችዎ ይቅር ይበሉኝ።

ከቤቴ በላይ ባለው ተረተር ላይ የግሌ ደን አለኝ። ታችኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ የሚሸጥ። ላይኛው ጥድ ነው፣ የማይሸጥ። ጥዱን የተከለችው ባለቤቴ ጋዲሴ ናት፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም። አርሴማ ሕፃን ሳለች በኩፍኝ ተይዛ ልትሞትብን ስትል፣ ጋዲሴ ልጄን ካተረፍሽልኝ የቤተልሔምሽን ቋሚና ምሰሶ በእጄ ካበቀልሁት ጥድ አስገባለሁ ብላ ለደብራችን ማርያም ተሳለች። ልጅቱ በሳምንቱ ተነሥታ ምግብ ጠየቀች፤ ጥድ ግን እንደ ልጅ ቸኩሎ አይነሣም። ጋዲሴ ከወንዝ በእንስራ ውኃ እየቀዳች፣ የሰው ፍየል እያባረረች፣ ከባለፍየሎቹም ጋራ እየተጣላች ዕድሜዋን ሙሉ አሳደገችው። ስታርፍ እጄን ይዛ «ስለቴን አንተ ክፈለው፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍልልኝ» አለችኝ። ብዙ የምትናገር ሴት ነበረች፤ የመጨረሻዋ ቃል ግን ይህች ናት። ዘንድሮ ደብሩ ያረጀውን ቤተልሔም አፍርሶ አዲስ እየሠራ ስለሆነ፣ እንጨቱ ለኅዳር ጽዮን እንዲደርስ ተነግሮኛል።

በአገራችን ቋሚ ዛፍ ሲሸጥ እንዴት እንደሆነ ደግሞ ለእንግዳ ሰው ልንገር። ገዥው ቀይ ቀለም በጣሳ ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱ አብሮት እየዞረ ያሳየዋል፤ የተስማሙበትን ዛፍ በደረት ልክ ቀይ ይቀቡታል። ከዚያ በኋላ ነገር የለም። ቆራጮቹ ባሻቸው ቀን መጥተው፣ ባለቤቱ ኖረም አልኖረ፣ ቀይ ያለበትን ይጥላሉ፣ ቀይ የሌለበትን አይነኩም። አባቶቻችን በምስማር ጭረት ይሁን በመጥረቢያ ጠባሳ ያደርጉት የነበረውን እኛ በቀለም አድርገነዋል እንጂ ሕጉ ያው ነው። ባሕር ዛፌን ለጊንጪው እንጨት ነጋዴ ለሞቱማ ሸጬ፣ ቀይ ተቀብቶ፣ ቆራጮቹን እየጠበቅሁ ሳለሁ ነው ክቡርነትዎ ከሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ከወይዘሪት ፌቨን ጋራ በመኪና ደጄ የደረሳችሁት።

የዩኒየኑ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ፍቅር እንደጎደላቸው፣ ግምጃ ቤቱ ከሒሳብ ክፍሉ ጋራ ከፋሲካ ወዲህ ሰላምታ እንደማይለዋወጥ አጫወታችሁኝ። ለዚህም መድኃኒቱ አዲስ አበባ ላይ ተገኝቷል፣ ፔይንትቦል ይባላል፣ ሰው ከዛፍ ጀርባ ተሸሽጎ በአየር በሚተኩስ ጠመንጃ የቀለም ኳስ ሲተኮስበት የሥራ ፍቅር ያድርበታል አላችሁኝ። እኔ በዕድሜዬ ሰው ሲተኮስበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ፍቅር ሲያድርበት ግን አላጋጠመኝም። ቢሆንም ከደጄ የመጣን እንግዳ መመለስ ስለማልወድ ሁለት ቅዳሜ ፈቀድሁላችሁ፤ አንዱን ለአዘጋጆቹ ልምምድ፣ ሁለተኛውን ለመላው ሠራተኛና ከአምቦና ከጎጆ ከተማ ለሚጠሩት እንግዶች። እሳት እንዳታነድዱ፣ ጉድጓድ እንዳትቆፍሩ፣ ዛፍ እንዳትቆርጡ ለመንኋችሁ። ሦስቱንም እንደ ቃላችሁ አክብራችኋል። ዛፉን አትቅቡ አላልኋችሁም፤ ጤነኛ ሰው ዛፍ ሳይገዛ ይቀባል ብዬ አላሰብሁም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በእርስዎ ዘንድ እንደማይነበብ የነገረኝ ሰው አለና።

አንደኛ፣ ስለ ዕቅዳችሁ። ወይዘሪት ፌቨን ደኑን በሜትር ለክታ፣ በገመድ ከፍላ፣ ባንዲራ ተክላ፣ የተመታ ሰው ሄዶ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ሳይቀር ወስናለች። ውኃ የሚጠጣበት ቦታ አለ፣ ቁስል የሚታሰርበት ቦታ አለ፣ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ አለ። ገበሬው ጤፉን አጭዶ ጆንያ ሲጠይቅ ገና በዕቅድ አልተያዘም የሚል መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ማቀድ መቻሉን በዓይኔ በማየቴ ኮርቻለሁ። ጆንያው ሲመጣም እንዲሁ በፊሽካ እንድትጠሩን በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ገበያተኞቹ። በልምምዱ ዕለት ከጎጆ መንገድ ድንች ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በተረተሩ ሥር ሲያልፉ፣ ፊታቸውን በጥቁር ጭንብል የሸፈኑ ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ከጥድ ጀርባ ብቅ አሉባቸው። በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ከጫካ ሲወጣ ጨዋታ ይሆን ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ሴቶቹ ሸክማቸውን ጥለው ወደ መጡበት ሮጡ፤ ወይዘሪት ፌቨንም ልታረጋጋቸው ፊሽካዋን እየነፋች ብትከተላቸው ባሰባቸው። ሠራተኞቻችሁ ድንቹን ለቅመው መንገድ ዳር በሥርዓት ስለ ከመሩት አመሰግናለሁ። ሴቶቹ ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ ድንቹ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ አንዳንዱም ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥጃዬ። ግንባሯ ነጭ ነበር። ቀለም ጥጃን ስለማይጎዳ ጉዳዩን አላካብደውም፤ ከአራተኛው ጋራ ስለሚገናኝ ብቻ አነሣሁት።

አራተኛ። ለልምምዱ የደረሳችሁ ቀይ ኳስ ብቻ ነበር አሉ። የሚያስቸግር ነገር የለም ብዬ በማግሥቱ አልወጣሁም። ማክሰኞ ለዓይኔ አምቦ ሄድሁ። ሐኪሙ ዓይንህ ደክሟል፣ መነጽር ያስፈልግሃል አለኝ፤ አልተስማማንም። ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ተረተሩ ቀና ብል ሰማዩ በዛብኝ። ዓይኔ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ያን ባላየሁ።

የሞቱማ ቆራጮች መጥተው ነበር። ታች ቀይ አይተው ጣሉ፤ ላይ ቀይ አይተው ጣሉ። ለአጥር የሚሆን ቋሚ ታዘው ስለ ነበር ጥዱንም በአጥር ልክ ከታትፈው፣ ቅርፊቱን ልጠው፣ ጫፍ ለጫፍ አስተካክለው ደርድረውታል። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ነቀፋ የለኝም። የቤተልሔም ምሰሶ የሚሆን ግንድ ግን አንዴ ካጠረ በምንም አይቀጠልም።

እኔ ስደርስ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው መጥረቢያቸውን እየሳሉ ነበር። ጥጃዬ በግንባሯ ቀይ ቀለም ይዛ በመካከላቸው ስታልፍ፣ አንደኛው «ይቺም ምልክት አላት፤ እንጣላት እንዴ?» ብሎ ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅ አመለጠኝ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ ነበረብኝ። አለቃቸው ሌታ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤታችን ገብቶ የሚወጣ፣ ከጋዲሴ እጅ የጎረሰ ሰው ነው። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ። «ኦቦ ከበበው፣ የእሷን ጋቲራ፣ የእሷን ጥድ መሸጥህ ከንክኖኝ ነበር» አለኝ፤ «ግን ቀለሙ አለበት። ቀለም ካለበት ባለቤቱ ወዶ ነው።» ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌታ እኔ ቤት እህል አልቀመሰም፤ ብጠራውም ከደጅ ይመለሳል።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ መጥቼ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ። የእንግዳ ማረፊያው ወንበር ለስላሳ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተመችቶኛል፣ ከምሳ በኋላም ተመችቶኛል። በመጨረሻ ሲያስገቡኝ ያሉኝን ቃል ሳላጎድል ልጻፈው፦ «አባባ፣ ዛፉን የቆረጥነው እኛ አይደለንም። ቀለሙም በውኃ የሚለቅ ነው።» ሁለቱም እውነት መሆኑን ለሕዝብ እመሰክርልዎታለሁ። ሐሙስ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ፤ አባርቶ ብወጣ በተላጠው ቅርፊት ላይ የነበረው ቀይ ሁሉ እንዳሉት ጥርግ ብሎ ለቅቋል። ጥዱ ግን አልቆመም።

ስድስተኛ፣ ስለ ካሳው። በመስታወት ያማረ የምስክር ወረቀት «ስለ መልካም አጋርነትዎ» ተብሎ ስለ ተላከልኝ አመሰግናለሁ፤ ቤቴ ውስጥ የሚሰቀልበት ባይገኝ ትልቁ ጉቶ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። ለደብሩም ምስጥ የማይበላው የብረት ቋሚ እንደምትሰጡ ሰምቻለሁ። የደብሩ አስተዳዳሪ ተቀበል አሉኝ። ጎጆ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ የመጣችው አርሴማም አባዬ ተቀበል፣ ማርያም ታውቅልሃለች አለችኝ። ማርያም ታውቅልኛለች፤ አርሴማ ግን እናቷን አላወቀቻትም። ጋዲሴ ብረት አልተሳለችም። ሌላ ሰው እንዳይከፍልልኝ ስትልም ዩኒየኑ ሲቀር አላለችም።

ሰባተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጭንቀት ነው፣ የዚህም ደብዳቤ ምክንያቱ እሱ ነው።

ከልምምዱ የተረፉትን ጥዶች ለደብሩ አናጢ አሳይቼው ነበር። ለቤተልሔሙ ልክ ይበቃሉ ብሎኛል፤ አንድ ቢጎድል አይሆንም፣ ትርፍም የለም። ታዲያ ዛሬውኑ ቆርጠህ አትገላገልም ይሉኝ ይሆናል። ጨረቃ እየሞላች ሳለ የተቆረጠ እንጨት ነቀዝ እንደሚገባበት ያደግሁበት ነው፤ ሞልታ መጉደል የምትጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ነው። ለማርያም ነቀዝ አልሰጥም። ስለዚህ ጥዶቹ እስከዚያ ቆመው መቆየት አለባቸው። እናንተ የምትመጡት ግን በዚህ ቅዳሜ ነው። የሞቱማ ቆራጮችም የቀረውን ባሕር ዛፍ ሊጨርሱ ሰኞ ይመለሳሉ፤ ሌታ ለቅሶ ደርሶበት ስለማይኖር የሚመጡት ከሩቅ የተቀጠሩ፣ አንዳችንንም የማያውቁ፣ የሚያውቁት ቀለም ብቻ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ሞቱማን እባክህ ቀለምህን ቀይርልኝ ብዬ ለመንሁት። ሰማያዊ እናድርገው ብለን ወይዘሪት ፌቨንን ብንጠይቅ፣ ለቅዳሜ ሰማያዊ ኳስም ደርሷል፣ የሁለተኛው ቡድን ነው አለችን። ቢጫስ ብንል ቢጫ የእንግዶቹ ነው። አረንጓዴው የዳኞቹ ነው። ሞቱማ ትዕግሥቱ አልቆ «ኦቦ፣ እንግዲህ በምን ልቀባው፣ በቅቤ?» ብሎኝ ወደ ጊንጪ ተመለሰ።

አትግቡ ብዬ ልከለክላችሁስ? አልችልም። ሁለት ቅዳሜ ብያለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አድጌያለሁ፤ ጋዲሴ የወለደቻትም ያሳደገችውም በአንድ ቃል የቆሙ ስለሆኑ ቃል ማጠፍ በእኔ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ይህን ጨዋታ ማስቀረት የሚችል ሰው በምድር ላይ አንድ ነው፤ እሱም ክቡርነትዎ ነው። ሌላ ተረተር በአገሩ ሞልቷል፤ ደንዲ ሐይቁ ዳር ዛፍ የሌለበት ሜዳ አለ፣ ሰው ለሰው መተኳኮስም በሜዳ ላይ ይበልጥ ይቀላል።

ካልሆነ፣ መጡ ብዬ አላኮርፍም። ቅዳሜ ማለዳ የቀሩትን ጥዶች በጋዲሴ ነጠላዎች እጠመጥማቸዋለሁ፤ ነጠላው ሲያልቅ የእኔን ጋቢዎች እጨምራለሁ፤ ጋቢው ሲያልቅ ለመጨረሻው ጥድ እኔ ራሴ ፊቱ እቆማለሁ። ኳሳችሁ እኔን ቢያገኘኝ ቅር አይለኝም፤ በልማዳችን ተሸጥሁ ማለት ነው፣ ሰኞ የሚመጡት ይረከቡኛል። ነጠላዋን እንዳትነኩባት ግን አደራ። በሕይወቷ ሳለች የፍየል ምራቅ እንኳ ሲነካባት አገር ይሰማው ነበር።

ለራሳችሁም ስል አንድ ምክር ልጨምር፦ ሠራተኞቻችሁ ከጫካው ሲወጡ በደንብ ይታጠቡ። መጥረቢያ የያዘ እንግዳ ሰው ቀይ የሆነ ቁመተ ረጅም ነገር ሲያይ ምን እንደሚያስብ አሁን ያውቃሉ።

ዕዳ ይዞ መቃብር መውረድ አልወድም፤ ስለዚህ ማንም ሳይከፍልልኝ በራሴ የምከፍላቸውን ዘርዝሬ ላብቃ። ለማርያም ቋሚና ምሰሶ አለብኝ፤ ጨረቃ ስትጎድል ከጎረቤቶቼ ጋራ ቆርጬ በትከሻዬ አስገባለሁ፣ ትከሻዬ ለአንዱ ጫፍ ይበቃል። ለድንች ሴቶቹ ድንቻቸው አለብኝ፤ ያልበቀለውን እመልሳለሁ፣ የበቀለውን ተክዬ በክረምት እተካላቸዋለሁ። ለአርሴማ አንድ ቀን አብራኝ ወጥታ እናቷ ውኃ ታመላልስበት የነበረውን መንገድ ከወንዙ እስከ ተረተሩ በባዶ እንስራ እንኳ እንድትወጣው ማሳየት አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ብረት ተቀበል ካለችኝ እሰማታለሁ። ለሌታ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብዬ በአፌ መናገር አለብኝ፤ እስካሁን የነገርሁት በዓይኔ ብቻ ነው፣ ዓይን ደግሞ እንደ ሐኪሙ አባባል አይታመንም። ከለቅሶው ሲመለስ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይዤው እመጣለሁ፤ ካልበላ አልወጣም።

ከማመልከቻ ሳጥንዎ ሥር ተንበርክኬ፣ ከወንበርዎ እግር ጎን ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ዕድሜዎ እንደ ጥድ ይርዘም፣ እንደ ጥዶቼም አይጠር እያልሁ እሰናበታለሁ።

በጣቱ ሳይሆን በእጁ የፈረመ፣
ከበበው ተድላ

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ጸሐፊ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው፤
ለሞቱማ፣ ጊንጪ፣ ቅቤውን እንዲረሳው፤
ለጋዲሴ፣ ካለችበት።

የተረሳ፦ ለእርስዎም አንድ ዕዳ እንዳለብኝ ከፈረምሁ በኋላ ትዝ አለኝ። በልምምዱ ዕለት ሳይፈነዱ ሣር ውስጥ የቀሩትን ቀይ ኳሶቻችሁን ዝናቡ ሳይደርስባቸው ለቅሜ ባርኔጣ ሙሉ አስቀምጫለሁ። የሰው ንብረት ቤቴ እንዲከርም አልወድም። ቅዳሜ ጨዋታው ከዋለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሴ ቢሮዎ ድረስ አመጣቸዋለሁ፤ ዕለቱ ዕረፍት ስለሆነ ሰው ባላገኝም በግቢው ውስጥ፣ እርስዎ ሹመት በያዙበት ዓመት በእጅዎ ተክለዋቸው በየዓመቱ ከጎናቸው ፎቶ በሚነሡት በእነዚያ በሚያማምሩ የግራቪሊያ ዛፎች መካከል አልፌ በርዎ ላይ አስቀምጣለሁ። ነገሩን ሳስበው አምቦ ያለው ሐኪም ዓይንህ ደክሟል ያለኝ ልክ ነበረ መሰለኝ። ብደናቀፍና ኳሶቹ ቢፈነዱብኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀለሙ በውኃ ይለቃል። የሞቱማ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ወደ እኔ ሲመጡ የሚያልፉት በእርስዎ ደጅ ነው።